ፋብሪካው «መልሱልኝ» ያለውን ጠመንጃ ልገዛ ስል

ቴዲ፦ እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬ የራሴን ጉድ ይዤ ነው የመጣሁት። ሂሩት ገና ሳልጀምር እየሳቀች ነው።

ሂሩት፦ እንዴት አልስቅ? የ60 ዓመት ጠመንጃ ሊገዛ የሄደ ሰው እኮ ነው አጠገቤ የተቀመጠው።

ቴዲ፦ ቆይ፣ ከሥሩ ልንገራቸው። ኮሎራዶ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ጥቅምት ሲገባ የሥራ ቦታው ሁሉ ወሬ ኤልክ የሚባለው ትልቅ አጋዘን አደን ነው። ብርቱካንማውን ሰደርያ ያጠልቁና ተራራ ይወጣሉ። እኔም ዘንድሮ አልቀርም አልኩ። የአዳኝነት ኮርሱን ወሰድኩ፣ ካርዴን አወጣሁ። የቀረኝ ጠመንጃ ብቻ ነበር።

ሂሩት፦ «ይበላል ወይ?» የምትሉ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ።

ቴዲ፦ ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል። የቀረውን የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ። የኔ ሐሳብ የነቢያት ጾም ሳይገባ አንድ ጥብስ መቅመስ ነበር። እና ድሮ አብረውኝ ይሠሩ የነበሩ አንድ ጡረተኛ ፈረንጅ አሉ። «ጉልበቴ እምቢ አለኝ፣ ጠመንጃዬን ልሸጥ ነው» አሉኝ። ቤታቸው ሄጄ አየሁት። ሬሚንግተን ሞዴል 600፣ ካሊበሩ 308።

ሂሩት፦ ፎቶውን ሲልክልኝ የልጅ መጫወቻ ነው የመሰለኝ።

ቴዲ፦ አጭር ስለሆነ ነው። አፈሙዙ 47 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከላዩ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ተጋድሞበታል። የመቀባበያው እጀታ ደግሞ እንደ ውሻ የኋላ እግር እጥፍ ብሎ ወደ ፊት ይሄዳል። ከ1964 እስከ 1968 ብቻ ነው የተሠራው፤ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ያኔ እምብዛም አልተወደደም። አሁን ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል። 750 ዶላር አሉኝ። ሰደፉን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሳነጣጥር በቃ፣ ልቤ ሄደ።

ሂሩት፦ ከዚያ ደወለልኝ። እኔ ደግሞ መኪናም ሆነ የሕፃን ወንበር አሮጌ ዕቃ ሲሆን መጀመሪያ የማየው ሪኮል አለው ወይ፣ ማለትም ፋብሪካው ጉድለት አግኝቶ «መልሱልኝ» ብሎታል ወይ የሚለውን ነው። ስፈልግ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ሞዴል 600 በ1979 ሪኮል ተደርጓል። ከወንድሞቹ ጋር፣ ማለትም ከ660 እና ከሞሃውክ 600 ጋር፣ 200 ሺህ ገደማ ጠመንጃ ነው።

ቴዲ፦ እኔ ደግሞ ምን አልኳት? «1979? እኔ እንኳ አልተወለድኩም፣ እስካሁን ተስተካክሏል።»

ሂሩት፦ ማን አስተካከለው? ሪኮል ማለት እኮ ደብዳቤ ነው። ባለቤቱ ጠመንጃውን ካልወሰደው ዕቃው እንዳለ ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ 40 ዓመት ቢቀመጥ ራሱን አይጠግንም።

ቴዲ፦ ልክ ነሽ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ የምላጩ ቤት ውስጥ ነው። ሲተኮስ በጣት የሚሳበውን አባቴ «ምላጭ» ነው የሚለው፤ አዲስ አበባ «ቃታ» የሚል ይበዛል፤ ለአባቴ ቃታ መሳብ ማለት ማቀባበል ነው። እኔ የአባቴን ልያዝ። በዚህ ጠመንጃ ውስጥ ከምላጩ ፊት ለፊት አንዲት ስስ ብረት አለች። ከምላጩ ጋር አልተበየደችም፣ አልታሰረችም። ስፕሪንግ ብቻ ነው ገፍቶ የሚይዛት። በተኮስክ ቁጥር ከምላጩ ትንሽ ትላቀቅና ትመለሳለች።

ሂሩት፦ በመሀል ክፍተት ይፈጠራል ማለት ነው።

ቴዲ፦ አዎ። እዚያ ክፍተት ውስጥ አቧራ፣ የደረቀ ዘይት፣ የብረት ፍቅፋቂ ከገባ ብረቷ ወደ ቦታዋ አትመለስም። መምቻውን የሚይዘው ነገር ድጋፉን ያጣል። ያን ጊዜ ጠመንጃው እንዳይተኩስ የያዘው ሴፍቲው ብቻ ነው። ሴፍቲውን ስታነሣው ድው! ጣትህ ምላጩ አጠገብ ሳይደርስ።

ሂሩት፦ እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ነው። ያንን ንገራቸው።

ቴዲ፦ መቀባበያው። በእነዚህ አሮጌ ጠመንጃዎች ሴፍቲው ሲቆለፍ መቀባበያውም አብሮ ይቆለፋል። አደን ውለሽ ስትመለሺ ጥይቱን ማውጣት አለብሽ አይደል? ለማውጣት መቀባበያውን መክፈት አለብሽ። እሱን ለመክፈት ደግሞ ሴፍቲውን ማንሣት።

ሂሩት፦ «ጠንቃቃ ልሁን፣ ጥይቱን ላውጣ» ያልኩባት ሰከንድ ናት አደገኛዋ! ይሄ እኮ በጣም ነው የሚያናድደው። ግዴለሹን ሳይሆን ጥንቁቁን ነው የሚጠብቀው።

ቴዲ፦ የሆነውም እንዲሁ ነው። በ1970ዎቹ ማብቂያ ቴክሳስ ውስጥ አንድ ልጅ የሞሃውክ 600 ሴፍቲ ሲያነሣ ተኮሰበትና አባቱን ጀርባው ላይ መታው። አባትየው ሽባ ሆነ። ኩባንያው 6.8 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተስማማ። ሪኮሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሂሩት፦ የዚያው የሬሚንግተን ሞዴል 700 ግን ሪኮሉ ውስጥ አልገባም።

ቴዲ፦ አልገባም። እሱ ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠር ነው፤ ውስጡ ያለው ምላጭ የዚያው ዘር ነው፤ በነደፈው መሐንዲስ ስም የዎከር ዲዛይን ይሉታል። በ1982 መቀባበያውን የሚቆልፈውን ነገር ከአዲሶቹ ላይ አነሡት። ቀድመው የተሸጡት ግን በየቤቱ ቀሩ። በ2000 ሞንታና ውስጥ አንዲት እናት ከአደን መልስ ሞዴል 700 ልታራግፍ ሴፍቲውን ስታነሣ ተኮሰ። ጥይቱ የፈረስ መጫኛውን ተጎታች ጋሪ በስቶ ከኋላው የነበረውን የ9 ዓመት ልጇን ገደለው።

ሂሩት፦ (ዝምታ) እግዚአብሔር ያጽናቸው። አፈሙዙን ወደ ሰው አላዞረችም እኮ። ወደ ጋሪው ነው የያዘችው።

ቴዲ፦ አዎ።

ሂሩት፦ እኔ መንግሥት የት ነበር ብዬ ነው የጠየቅኩት። ለካ እዚህ አገር የዕቃ ደህንነት የሚቆጣጠረው ኮሚሽን በጠመንጃ ላይ ሥልጣን የለውም። በሕግ ተከልክሏል። የልጆች የውሃ ሽጉጥ አደገኛ ከሆነ ከገበያ ያስወጣዋል፤ እውነተኛውን ጠመንጃ ግን አምራቹ ራሱ ካልፈለገ ማንም «ሰብስብ» ሊለው አይችልም።

ቴዲ፦ ፍርድ ቤት ነው የቀረው። እሱም ሄደ ሄደና 7.5 ሚሊዮን የሬሚንግተን ጠመንጃ ላይ ስምምነት ተደረሰ፤ ዳኛው በ2017 አጸደቁት። ምላጩን በነፃ እንቀይራለን ተባለ። እስከዚያን ጊዜ ያመለከተው 22 ሺህ ሰው ገደማ ነው።

ሂሩት፦ የአንተን 600 ግን ምን አሉት? ይሄን በሉ ስሙ።

ቴዲ፦ ኩፖን። እንደ ሞዴሉ 10 ወይም 12.50 ዶላር።

ሂሩት፦ የሁለት ማኪያቶ!

ቴዲ፦ እሱም ጊዜው አልፏል። ኩባንያው ራሱ በ2018 ከሰረ፣ በ2020 ደግሞ ደገመና ተቆራርጦ ተሸጠ። ስሙ አለ፤ የያዘው ሌላ ድርጅት ነው። «ሪኮል አለው፣ ልላክላቸው» ብሎ ነገር አሁን አያዋጣም። ይሄን ጠመንጃ ስትገዛ ምላጩን በኪስህ እንደምታስቀይር አድርገህ ነው ሒሳቡን መሥራት ያለብህ።

ሂሩት፦ እሺ፣ ሽማግሌውን ምን አልካቸው?

ቴዲ፦ ከበደኝ። የሰው ንብረት ማጣጣል እንዳይመስል። ስነግራቸው ሳቁ። «40 ዓመት ተኩሼበታለሁ፣ አንድ ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም» አሉ። ከዚያ ሞከርነው። ጥይት አለመኖሩን ሁለታችንም በዓይንም በጣትም አየን። ሴፍቲውን ቆለፍን፣ ምላጩን ጠበቅ አድርገን ሳብን፣ ለቀቅን፣ ሴፍቲውን አነሣን። ምንም። ሴፍቲውን መሀል ላይ አቁመንም ሞከርን። ምንም። ሃያ ጊዜ ደጋገምን።

ሂሩት፦ ታዲያ ደህና ነዋ!

ቴዲ፦ አይደለም። እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት። አንድ የጠመንጃ ባለሙያ ጋ ደወልኩ። ሰውዬው ምን አለኝ? ሙከራውን ከወደቀ መልካም፣ መጥፎ መሆኑን አወቅክ፤ ካለፈ ግን ምንም አላወቅክም። ቆሻሻው ዛሬ የለም፣ ነገ በረዶ ላይ ሲገባ ነው የሚሆነው። ማየት ያለብህ ውስጡን ነው፣ ምላጩ ተቀይሯል ወይስ ከፋብሪካ የመጣው ነው። ወረቀት ቢያሳዩህም አስከፍተህ እይ አለኝ።

ሂሩት፦ አስከፈትከው?

ቴዲ፦ አብረን ወሰድነው፣ እሳቸውም መጡ። ሰደፉን ፈቶ አወጣው። የመጀመሪያው ምላጭ ነው፣ ማንም አልነካውም። ዘይቱ እንደ ቆየ ማር ደርቆ ቢጫ ሆኗል። ባለሙያው በጥርስ መፋቂያ እንጨት ፍቅ አድርጎ አሳያቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ፣ አደረጉ፣ ዝም አሉ። ከዚያ «ባትገዛኝ ለልጅ ልጄ ልሰጠው ነበር» አሉ።

ሂሩት፦ ወይኔ።

ቴዲ፦ ሙሉ የምላጩን ቤት አውጥቶ የሌላ ኩባንያ መግጠም፣ ከነእጁ 250 ዶላር አለን። መቀባበያው ሴፍቲው እንደተቆለፈ የሚከፈት ዓይነት እንዲሆን ጠየቅኩት። ያንን ከዋጋው ላይ ቀንሰን በ500 ተስማማን። የግለሰብ ሽያጭ ቢሆንም ኮሎራዶ ውስጥ ፈቃድ ባለው ሱቅ በኩል ማጣራት ግዴታ ነው፤ ሦስት ቀንም መጠበቅ አለ። እሱን ጨረስን።

ሂሩት፦ አሮጌው ምላጭስ? ሰብሳቢ ይፈልገዋል፣ ሸጠው እንዳትሉኝ።

ቴዲ፦ ባለሙያው «ኦሪጅናሉን ይዘኸው ሂድ፣ ዋጋ አለው» አለኝ። ሽማግሌው ግን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው ኪሳቸው ከተቱት። «ይሄኛው አይሸጥም» አሉ። እኔም አልተከራከርኩም።

ሂሩት፦ ኤልኩስ?

ቴዲ፦ ጠመንጃው ሲደርስልኝ የአደኑ ወቅት አልቋል። ጾሙም ገባ። በቃ ሽሮ ነው።