እርሾ ስኳርን ወደ ቅባት ሲለውጥ ካርቦኑ የት ይቀራል?

የተከበራችሁ ተመራማሪዎች፣ ተማሪዎችና እንግዶች፤

ለሳሙናም፣ ለመዋቢያም፣ ለነዳጅም የሚውለው ፋቲ አሲድ (የቅባት መገንቢያው አሲድ) ከዋና ምንጮቹ አንዱ ፓልም ነው፤ እርሻው በሰፋ ቁጥር የሐሩር ደን እየተመነጠረ መጥቷል። እርሾ ያን መሬት አይጠይቅም። የሚበላው ስኳር ግን ይጠይቃል። ስለዚህ አንድ እርሾ ዘላቂ ምንጭ መሆኑን የምናውቀው ስንት ጂን እንደተቀየረለት ቆጥረን ሳይሆን፣ ከስኳሩ ምን ያህሉ ቅባት ሆኖ እንደወጣ መዝነን ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ፓልሚቲክ አሲድ 16 ካርቦን ያለው ፋቲ አሲድ ነው፤ አንድ ሞለኪውሉን ለመገንባት 8 አሴቲል-ኮኤ (ባለ ሁለት ካርቦን መገንቢያ)፣ 7 ኤቲፒ (የሴሉ ኃይል ተሸካሚ) እና 14 ኤንኤዲፒኤች (ኤሌክትሮን አቀባይ) ያስፈልጋል። አሴቲል-ኮኤው ከ4 ግሉኮስ ይገኛል። ኤንኤዲፒኤቹ በሙሉ ከፔንቶስ ፎስፌት መንገድ (ግሉኮስን አቃጥሎ ኤንኤዲፒኤች ከሚሰጠው የሴሉ መንገድ) ይምጣ ካልን፣ ሙሉ በሙሉ የተቃጠለ አንድ ግሉኮስ 12 ስለሚሰጥ 1.17 ግሉኮስ ይጨመራል። 256 ግራም ፓልሚቲክ አሲድ 930 ግራም ስኳር ይፈጃል ማለት ነው። ከ100 ግራም ስኳር ጣራው 27 ግራም ተኩል ገደማ ሲሆን፣ እርሾው ለማደግ የሚበላው ገና አልታሰበም። ከዚህ የበለጠ ውጤት ካያችሁ መጀመሪያ የኤንኤዲፒኤቹን ምንጭ፣ ቀጥሎ ልኬቱን ጠይቁ።

የዳቦ እርሾ፣ ሳካሮማይሲስ ሰረቪሲዬ፣ ስኳር ሲበዛለት አየር እያለም አልኮል ይሠራል። ስለዚህ ግሉኮሱ በአንዴ አይፈስስም፤ እርሾው በሚበላበት ፍጥነት በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠዋል። ስኳሩ ሲያንስ ደግሞ ኤስኤንኤፍ1 የተባለው ኢንዛይም ኤሲሲ1ን ፎስፌት ለጥፎበት ያዳክመዋል፤ ፋቲ አሲድ የሚረዝምበትን ማሎኒል-ኮኤ ከአሴቲል-ኮኤ የሚሠራው ኢንዛይም ኤሲሲ1 ነውና ምርቱ ይቀንሳል። መፍትሔው በኤሲሲ1 659ኛና 1157ኛ ቦታ ላይ ያለውን፣ ፎስፌት የሚለጠፍበትን ሴሪን የተባለ አሚኖ አሲድ በሌላ አሚኖ አሲድ፣ በአላኒን፣ መተካት ነው። ኤፍኤኤ1 እና ኤፍኤኤ4 የተባሉት ጂኖች ከተሰረዙ ነፃው አሲድ ተመልሶ ከኮኤ ጋር ስለማይያያዝ ወደ ውጭ ይወጣል። ፒኦኤክስ1 የተባለው ጂን ሲሰረዝ ደግሞ ቅባቱ ተመልሶ የሚቃጠልበት በር ይዘጋል። በ2018 የታተመ ጥናት የአልኮሉን መንገድ ዘግቶ በሊትር 33.4 ግራም ነፃ ፋቲ አሲድ አግኝቷል።

ያሮዊያ ሊፖሊቲካ የተባለው ሌላ እርሾ በተፈጥሮው ቅባት ያከማቻል። ናይትሮጅን ሲያልቅበት ናይትሮጅን ያለበትን ኤኤምፒ የተባለ ሞለኪውል ይሰባብራል፤ ኤኤምፒ ሲቀንስ በሴሉ የኃይል ማመንጫ፣ በማይቶኮንድሪያ፣ ውስጥ ሲትሬትን ወደ ማቃጠል የሚወስደው ኢንዛይም አይሶሲትሬት ዲሃይድሮጂኔዝ ይዳከማል፤ የተከማቸው ሲትሬት ወደ ሳይቶፕላዝም ወጥቶ ወደ አሴቲል-ኮኤ ይሰነጠቃል። የዳቦ እርሾ ይህ ሰንጣቂ ኢንዛይም የለውም።

ብዙ ሥራ የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። ናይትሮጅኑ በድንገት ከተቋረጠና የቅባት ግንባታው ካልተከተለ፣ ሲትሬቱ ከሴሉ ወጥቶ መራቢያ ፈሳሹ ውስጥ ይፈስሳል። ምልክቱን ከፒኤች (የአሲድነት መጠን) መቆጣጠሪያው ታዩታላችሁ፦ ለናይትሮጅን ምንጭነት አሞኒያ የሚወስድ ሴል ፈሳሹን አሲዳማ ያደርገዋል፤ አሞኒያው ካለቀ በኋላ አሲዱን የሚያረክሰው የአልካሊው ፓምፕ ጋብ ማለት አለበት። ዕድገቱ ቆሞ ፓምፑ ግን መምታቱን ከቀጠለ፣ ስኳራችሁ ሲትሬት እየሆነ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ናይትሮጅኑን ጨርሶ ከመቁረጥ በጠብታ መስጠት ይረዳል፤ ኤሲሲ1ን እና ፋቲ አሲዱን ወደ ክምችት ቅባት የሚያስገባውን ኢንዛይም ዲጂኤ1ን አንድ ላይ ማጠናከር ደግሞ ካርቦኑን ከኋላ ይገፋዋል፣ ከፊትም ይስበዋል። አንዱን ብቻ ማጠናከር የሚሰጠው ጥቅም ሁለቱን አንድ ላይ ከማጠናከር ያንሳል።

ያሮዊያ ያለ ኦክስጅን አይኖርም። ሴሎቹ ክር መሰል ቅርጽ ከያዙ ፈሳሹ ይወፍራል፣ ኦክስጅን ማድረስም ያስቸግራል። ስለዚህ ናሙና በወሰዳችሁ ቁጥር ማይክሮስኮፕ ሥር እዩት።

ልኬቱ ላይም ላስጠንቅቃችሁ። 17 ካርቦን ያለው ሄፕታዲካኖይክ አሲድ እርሾው እምብዛም ስለማይሠራው ጥሩ ማመሳከሪያ ነው፤ ግን የሚጨመረው ቅባቱ ከሴሉ ከመውጣቱ በፊት ነው፤ ከወጣ በኋላ ቢጨመር በማውጣቱ የጠፋውን አያሳይም። ዘይት ያለበት ፀረ-አረፋ ከተጠቀማችሁ ያ ዘይት ራሱ የእርሾው ምርት መስሎ ይቆጠራል፤ ሲሊኮን የሆነውን ምረጡ። «ከደረቅ ሴሉ ክብደት 60 በመቶ ቅባት» የሚል ቁጥር ብቻውንም አይጠቅምም፤ ሴሉ ትንሽ ከሆነ ቅባቱም ትንሽ ነው።

በመጨረሻ ካርቦኑን በሴሉ፣ በቅባቱ፣ በፈሳሹና በሚወጣው ጋዝ ደምሩት። ድምሩ ከገባው ስኳር 95 በመቶ ካልደረሰ ፈሳሹን ለሲትሬት፣ እንዲሁም ለማኒቶልና ለኤሪትሪቶል (እርሾው ከስኳር ለሚሠራቸው የስኳር አልኮሎች) አስመርምሩ። ይህንም ፈርመንተሩ (እርሾው ያደገበት ገንዳ) ሳይታጠብ አድርጉት፤ ከታጠበ በኋላ የጎደለውን ካርቦን የሚያሳይ ነገር አይኖርም።

አመሰግናለሁ።