ነጩ ቀሚስና የጋዝ መብራት

እንደምን አመሻችሁ!

የመድረክ ልብስ ስፌት ስልጠናችሁን ዛሬ ያጠናቀቃችሁ ሁሉ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። አብራችኋቸው የመጣችሁ ቤተሰቦችና መምህራንም እንኳን ደስ አላችሁ።

ዛሬ ስለ አንድ ልብስ ብቻ ላውራችሁ። የባሌት ዳንሰኞች ስለሚለብሱት ስለ ቱቱ። ብዙዎቻችን ቱቱ ሲባል የሚመጣልን ዳሌ ላይ ተዘርግቶ የሚቆመው አጭሩ ጉርድ ነው። እኔ የማነሳው ግን ቀዳሚውን ነው። ከጉልበት በታች የሚወርደውን፣ ነጩን፣ ስሱንና ድርብርቡን። ይህን ልብስ የመረጥኩት በምክንያት ነው። የእናንተ ሥራ ጨርቅ ላይ ብቻ እንደማያልቅ እንደ እሱ አድርጎ የሚያሳይ ሌላ ልብስ አላውቅም። ማን ይለብሰዋል? በምን መብራት ሥር ይቆማል? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ልብሱን ፈጥረውታል። በኋላ ሲረሱ ደግሞ ሰው ገድለዋል።

ቦታው ፓሪስ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ማርች 12 ቀን 1832። በፓሪስ ኦፔራ ቲያትር «ላ ሲልፊድ» የተባለ ባሌት ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ታሪኩ አንድ ስኮትላንዳዊ ወጣት በሠርጉ ቀን በአየር መንፈስ ፍቅር ሲነደፍ ነው። መንፈሷን የተጫወተችው ማሪ ታሊዮኒ ነበረች። ዳንሱን ያዘጋጀው አባቷ ፊሊፖ ታሊዮኒ ነው። ልብሱን የነደፈው ዩጂን ላሚ ነው ይባላል።

እስቲ አስቡት። አንዲት ሴት ከሥጋና ከአጥንት የተሠራች አይደለችም ብሎ ተመልካችን ማሳመን አለባችሁ። በምን ታሳምናላችሁ? እነሱ ያሳመኑት በመቀነስ ነው። ጥልፍ የለም፣ ከባድ ሐር የለም፣ ወርቀ ዘቦ የለም። ከላይ ሰውነት ላይ ልክክ ያለ ነጭ፣ ከታች ከስስ ጥጥ የተደራረበ ሰፊ ጉርድ። ትከሻ ክፍት ነው። ጀርባ ላይ ትንንሽ ክንፎች፣ ራስ ላይ የአበባ ጉንጉን፣ አንገትና እጅ ላይ ዕንቁ። አለቀ። ጉርዱ ቁርጭምጭሚትን አይሸፍንም፤ ምክንያቱም ታሊዮኒ በእግር ጣቷ ጫፍ ትቆም ነበር። ተመልካቹ ያንን ካላየ ልብሱ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። ዛሬ ያለው የጠነከረ የባሌት ጫማ ያኔ አልነበረም። ታሊዮኒ የምትቆመው በለስላሳ የሳቲን ጫማ፣ በእግሯ ጉልበት ነበር። እኔን ይህ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ልብሱ ግን ከሰማይ ዱብ አላለም። ከዚያ 100 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ እዚያው ፓሪስ ማሪ ካማርጎ የተባለች ዳንሰኛ የእግሯ ሥራ እንዲታይ ጉርዷን ከፍ አድርጋ ጉድ አሰኝታ ነበር። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ደግሞ ስስ ነጭ ቀሚስ የከተማው ፋሽን ሆነ። የ1832ቱ ሰዎች ያደረጉት ይህን ሁሉ ከአዲሱ መብራት ጋር ማጋባት ነው።

ስለ መብራቱ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። የፓሪስ ኦፔራ በ1822 ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ጋዝ በቧንቧ እየሳበ መድረክ ማብራት ጀመረ። ከዚያ በፊት የነበረው ሻማና የዘይት ፋኖስ ነው። ሻማን በየአንዳንዱ መቆስቆስና ማጥፋት ግድ ነበር። ጋዝን ግን ከአንድ ቦታ ትቀንሰዋለህ፣ ትጨምረዋለህ። በዚህ መንገድ የጨረቃ ብርሃን መድረክ ላይ መጣ። «ላ ሲልፊድ» ከመታየቱ ከአራት ወር በፊት፣ በኖቬምበር 1831፣ «ሮበርት ለ ዲያብል» በተባለው ኦፔራ ውስጥ የሞቱ ሴት መነኮሳት በጨረቃ ብርሃን ከመቃብራቸው ተነስተው ሲጨፍሩ ታይተው ነበር። መሪያቸውም ታሊዮኒ ነበረች። በዚያ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ቀለም ሁሉ ይሞታል። ነጭ ስስ ጨርቅ ግን ብርሃኑን ይዞ ያቆየዋል። አንዱ ድርብ በሌላው ውስጥ ሲታይ ጠርዙ የት እንደሚያልቅ ዓይን አይለይም። አንድ ነጠላ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ነፋስ ሲነካው ያየ ሰው ይገባዋል።

የጨርቁ ስም ታርላታን ነው። ሽመናው ሰፋ ሰፋ ያለ፣ በስታርች የተጠናከረ የጥጥ ጨርቅ። ከጎኑ ሙስሊን የሚባለው ስስ የጥጥ ጨርቅና ቱል የሚባለው መረብ መሳይ ጨርቅ ነበሩ። ቱልን በማሽን መሥራት የተቻለው እንግሊዛዊው ጆን ሂትኮት በ1809 የፈጠራ መብት ካስመዘገበ በኋላ ነው። ጥጡስ ከየት መጣ? የእንግሊዝ ፋብሪካዎች በዚያን ጊዜ አብዛኛውን ጥሬ ጥጥ የሚያመጡት ከአሜሪካ ደቡብ ነበር። የሚለቅሙትም በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩ። የአየር መንፈስ ለመምሰል የተለበሰው ጨርቅ የነሱን ጀርባ አጉብጦ የመጣ ነው። ስለ ውበቱ በተወራ ቁጥር ይህም አብሮ መነሳት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ልብሱ ወዲያው ተዛመተ። በ1841 «ጂዜል» የተባለው ባሌት መጣ፤ ሳይዳሩ የሞቱ ሙሽሮች በሌሊት ጫካ ውስጥ በነጭ ቀሚስ ይጨፍራሉ። የታሪኩ ጸሐፊ ከሆኑት አንዱ ቴዎፊል ጎቲዬ ራሱ፣ ከ«ላ ሲልፊድ» ወዲህ መድረኩ በነጭ ሻሽና በታርላታን ተጥለቀለቀ ብሎ አማርሯል። ሁሉም ግን ነጭ አልለበሰም። የታሊዮኒ ተፎካካሪ ፋኒ ኤልስለር በ1836 በሮዝ ሳቲንና በጥቁር ዳንቴል የስፔን ዳንስ ጨፍራ ፓሪስን አሳብዳለች።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

ታርላታን ጥጥ ነው። ቀዳዳው ብዙ ነው፣ በድርቦቹ መካከልም አየር አለ። ለእሳት ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። የመድረኩ ጋዝ ደግሞ ክፍት ነበልባል ነበር፤ ከፊት ለፊት እግር ሥር፣ ከጎንም። በ1844 ለንደን ውስጥ በድሩሪ ሌን ቲያትር የዳንሰኛዋ የክላራ ዌብስተር ቀሚስ ተመልካች ፊት ተቀጣጠለ። ከቀናት በኋላ ሞተች። በ1861 ፊላደልፊያ ውስጥ የአንዷ ዳንሰኛ ቀሚስ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ጋዝ ነካው። ሊያድኗት የሮጡትም ተያያዙ፤ ቢያንስ 6 ዳንሰኞች አለቁ።

መከላከያ አልነበረም እንዳትሉ። ነበረ። ካርትሮን የሚባል ፈረንሳዊ ጨርቅን በኬሚካል ነክሮ እሳት እንዳይዘው የሚያደርግ ዘዴ ነበረው። በ1859 መንግሥት ዘዴው በቲያትሮች ሥራ ላይ እንዲውል አዘዘ። ችግሩ፣ የተነከረው ጨርቅ ድርቅ ይላል፣ ንጣቱም ይደበዝዛል። ኤማ ሊቭሪ የምትባል ወጣት ዳንሰኛ፣ ታሊዮኒ ራሷ በእርጅናዋ ያስተማረቻት፣ አልለብስም አለች። በኖቬምበር 1862 ልምምድ ላይ ተቀምጣ ጉርዷን ስታስተካክል ጋዙ ያዘው። እየነደደች መድረኩን ሮጠች። እሳት አደጋ ሠራተኛ በእርጥብ ብርድ ልብስ ደረሰላት። ስምንት ወር ተሰቃይታ በጁላይ 1863 አረፈች። ገና 20 ዓመቷ ነበር።

ብዙ ሰው ሊቭሪን «ግትር ነበረች» ብሎ ያልፋታል። እኔ አልስማማም። ሙያዋ፣ እንጀራዋ፣ ስሟ ያረፈው ያ ጉርድ አየር መስሎ በመታየቱ ላይ ነበር። ሕይወቷን የሚያድነውን ጨርቅ ከውበት ጋር ማስታረቅ የእሷ ሥራ አልነበረም፤ የልብስ ሠሪውና የቲያትሩ ሥራ ነበር። ለነገሩ ነበልባሉስ ለምን መከለያ አልተደረገለትም?

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ኤሌክትሪክ መጣ፤ የለንደኑ ሳቮይ ቲያትር በ1881 ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ በራ። የጣሊያን ዳንሰኞች አዲስ ቴክኒክ እግር በሙሉ እንዲታይ ስለፈለገ ጉርዱም እያጠረ ሄደ። ረጅሙ ግን አልጠፋም፤ «ጂዜል» ዛሬም የሚጨፈረው በእሱ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ጨርቅ አስቀምጫለሁ፤ ታርላታን፣ የጥጥ ቱልና የናይለን ቱል። በእጃችሁ ዳስሷቸው፣ ወደ አምፖሉ አንሱና እዩዋቸው። ናይለኑ እሳት ሲነካው እንደሚቀልጥና ቆዳ ላይ እንደሚጣበቅ እወቁ። እሳት የሚከላከል ጨርቅ ስትገዙ ደግሞ ሻጩን «ሲታጠብ ይለቃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙው ይለቃል። ጥያቄ ያለው እዚያው ጠረጴዛው ጋ ይጠይቀኝ።

አመሰግናለሁ።