«ሌሊቱን ማን አጎረሰኝ?» የአድማጮች ጥያቄና መልስ ስለ ቆሽት ሆርሞኖች

ከፍኖተ ሰላም የደወሉ እናት፦ ማታ 2 ሰዓት እራቴን በልቼ እተኛለሁ። ሲነጋ ውሃ እንኳ ሳልቀምስ የደም ስኳሬን ስለካ 168 ይላል። ሌሊቱን ማን አጎረሰኝ?

ጉበትዎ ነው፣ እናቴ። እንጀራው ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ ሲገባ ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ኢንሱሊኑም ስኳሩን ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ያስገባል፣ የተረፈውን ጉበት ውስጥ ያስቀምጣል። ጉበት እንደ ጎተራ ነው፤ 100 ግራም ገደማ ይይዛል። ተኝተን ሳለ አንጎል ስኳር ይፈልጋልና ቆሽት ኢንሱሊኑን ቀነስ አድርጎ ግሉካጎን የተባለውን ሌላ ሆርሞን ይልካል። ግሉካጎን ጎተራውን ይከፍታል። ጤነኛ ሰው ላይ የቀረችው ጥቂት ኢንሱሊን በሩን ገርበብ አድርጋ ስለምትይዘው የጠዋቱ ልኬት ከ70 እስከ 99 ድረስ ይሆናል። እርስዎ ላይ ግን ኢንሱሊኑ አንሷል ወይም ጉበቱ አልሰማም ብሎታል፤ በሩ ወለል ብሎ ያድራል። ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ስኳር ከፍ የሚያደርግ ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ይጨመርበታል።

ስለዚህ እራት መተው መፍትሔ አይደለም። ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ክኒን የሚታዘዘውም በዋናነት ይህን የጉበት ልቀት እንዲቀንስ ነው። ለሦስት ቀን ሲተኙ፣ ሌሊት 9 ሰዓትና ሲነሡ ለክተው ይጻፉት። ሲተኙም ከፍ ያለ ከሆነ ነገሩ የእራቱ ነው፤ ሲተኙ ደህና ሆኖ ጠዋት ከወጣ የጉበት ነው፤ ሌሊት ከ70 ከወረደ መድኃኒቱ በዝቷል ማለት ስለሆነ ቶሎ ሐኪምዎን ያማክሩ። ደግሞ ጣትዎን በሳሙና ታጥበው፣ አድርቀው ይውጉ። ማር የነካ ጣት መሣሪያውን በደንብ ያሳስተዋል፤ በእኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከቡሬ፦ አረቄ ስኳር ያወርዳል የሚባለው እውነት ነው?

ያወርዳል፤ ጉዳቱም ይኸው ነው። ጉበት አልኮሉን ሲያቃጥል አዲስ ስኳር መሥራቱን ይተዋል። ጎተራው ባዶ ከሆነ ግሉካጎን ቢጣራም የሚሰማው የለም። በባዶ ሆድ ጠጥቶ ግሊቤንክላማይድ የተባለውን ስኳር አውራጅ ክኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ከሰዓታት በኋላ፣ ተኝቶ ሳለ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። ቤተሰብ ደግሞ ሰክሮ ነው ብሎ ይተወዋል።

ከሞጣ የደወለ ወጣት፦ አባቴ ጠዋት 1 ሰዓት ኤንፒኤች ኢንሱሊን ይወጋሉ። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት ካልጾምኩ ብለው ቅዳሴ ላይ ላብ አጥምቋቸው ወደቁ።

ሰዓቱን ቁጠረው። ኤንፒኤች ኃይሉ የሚበረታው ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። 1 ሰዓት የተወጋው እንግዲህ ከ5 እስከ 11 ሰዓት ይበረታል፤ አባትህ ባዶ ሆድ የሚቆሙት በዚያው መሐል ነው። ጤነኛ ጿሚ ኢንሱሊኑን ቆሽቱ ራሱ ይቀንስለታል። በመርፌ የገባው ግን ተመለስ ቢሉት አይመለስም፤ የጉበቱንም በር ዘግቶ ይይዛል። ሕመሙ የቆየበት ሰው ደግሞ ግሉካጎኑም ይሰንፋል፣ የሚደርስለት የለም።

መንቀጥቀጥ፣ ላብ ወይም መቀባዠር ሲጀምራቸውና መዋጥ ከቻሉ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠህ ስጣቸው፤ 1 የሾርባ ማንኪያ ማርም ይሆናል። 15 ደቂቃ ቆይተህ ለካ፤ ከ70 በታች ከሆነ ድገመው፤ ስኳሩ ከፍ ሲል ዳቦ ወይም እንጀራ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ በጎን አስተኝተህ ወደ ጤና ተቋም አድርሳቸው። ጠበሉ ይረጭ፣ አፋቸው ውስጥ ግን ምንም እንዳይፈስ፤ ወደ ሳንባ ይገባል።

መርፌውን በራሳቸው እንዳያቆሙ። ከጾሙ በፊት ሐኪማቸው ጋር ሄደው መጠንና ሰዓቱን ያስተካክሉ። ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው ሰዓቱን መጾም አይመከርም፤ ይህን ለንስሐ አባታቸው ይንገሩ። ሽሮና ምስሩን በሰዓቱ እየበሉ ከፍስኩ መከልከል ግን ይችላሉ።

ከዳንግላ የደወለች እናት፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ኢንሱሊን ይወጋል። ሲያስመልሰው ምግብ ስለማይበላ መርፌውን ልተወው?

አትተዪው። ምግብ ካቆመ ስኳር ያቆማል ማለት ስሕተት ነው፤ ኢንሱሊን በ1922 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለታማሚ እስኪሰጥ ድረስ ሐኪሞች ልጆችን እያስራቡ ነበር የሚያክሙት፤ ከጥቂት ጊዜ በላይ ግን አላቆያቸውም። ኢንሱሊን ከሌለ ግሉካጎን ብቻውን ጌታ ይሆናል። ጎተራው ወለል ይላል፣ ስቡም ይቀልጥና ኬቶን የተባለ አሲድ ደሙን ይሞላዋል። ሕመሙ ራሱ ደግሞ ስኳሩን ከፍ ያደርጋል። መጠኑ ሊለወጥ ይችላል፤ ለዚያ ለሐኪሙ ደውዪለት፤ ለረጅም ሰዓት የሚሠራው ኢንሱሊን ግን አይቋረጥ። በየ3 ወይም 4 ሰዓቱ ለኪው፣ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ አጠጪው። ማስመለሱ ካልቆመ፣ ትንፋሹ የበሰለ ፍራፍሬ ከሸተተ ወይም በጥልቀትና በፍጥነት መተንፈስ ከጀመረ ሲነጋ እወስደዋለሁ አትበዪ፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል አድርሺው።