የስፖርት ክፍለ ጊዜውን መልሱልን

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎቼ፤ እንኳን ለወላጆች ቀን በሰላም አደረሳችሁ።

ፕሮግራሙ ላይ የተያዘልኝ የዓመቱን የስፖርት ሪፖርት እንዳቀርብ ነው። አቀርባለሁ። መጀመሪያ ግን ለዓመታት ሆዴ ውስጥ የቆየ አንድ ነገር ልናገር።

ማስተማር በጀመርኩበት ትምህርት ቤት አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ። አባቱ ጣና ላይ ዓሣ ያጠምዳል። ልጁ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ከአባቱ ጋር መረብ ያወጣል፤ ከዚያ ፊቱን ታጥቦ ክፍል ይገባል። አንድ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ቆሜ አየሁት። ከቁመቱ የሚበልጥ መቅዘፊያ ይዞ የደንገል ታንኳ ብቻውን ይቀዝፋል። ነፋስ ነበር። ማዕበሉ ታንኳዋን ወደ ጎን ይገፋታል። ልጁ ግን አልተደናገጠም፤ ወገቡን እያዞረ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ይቀዝፋል። ሚዛን ቢሉ ሚዛን፣ ትንፋሽ ቢሉ ትንፋሽ! ዳር ሲደርስ ውሃ የጠጣችውን ታንኳ ጎትቶ አወጣና ፀሐይ እንዲመታት አቆማት።

በሳምንቱ ፈተና ሰጠሁ። የስፖርት ፈተና፣ በወረቀት። «የወንዶች መረብ ኳስ መረብ ከፍታው ስንት ነው?» መልሱ 2 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ነው። ትምህርት ቤቱ መረብ አልነበረውም። ኳስም አልነበረውም። እኔ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፣ እነሱ ደብተራቸው ላይ ገለበጡ፤ በቃ። ያ ልጅ ከ20 አራት አመጣ። ወረቀቱን ስመልስለት አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ስፖርት አልችልም» አለኝ።

ያን ልጅ ስፖርት አልችልም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ከዚያ በኋላ ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ከእናቶች አሮጌ ጨርቅና ካልሲ ለምኜ የጨርቅ ኳስ አሠራሁ፤ ለሁለት ልጅ አንድ ኳስ። ለ60 ልጅ አንድ ኳስ ከሰጣችሁ ጉልበተኞቹ ይጫወታሉ፣ ሌላው ዳር ቆሞ ያያል። ውርወራ ጀመርን። ትንሽ ልጅ ሲወረውር ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አብረው ይሄዳሉ፤ ኳሷ እግሩ ሥር ትወድቃለች። መሬቱ ላይ በአመድ የእግር ምልክት አደረግሁላቸው። በቀኝ የሚወረውር ግራ እግሩን ያስቀድማል። ሁልጊዜ የጓደኞቿን ሹራብ ይዛ ዳር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ሦስተኛው ሙከራዋ ላይ ኳሷ አጥሩን ዘላ ሄደች። እጇን አፏ ላይ ጭና ዞራ አየችኝ። ሹራብ ጠባቂነቱ በዚያው ቀረ።

ታዲያ አሁን ምን እያየሁ ነው? ሒሳብ ወደ ኋላ ከቀረ ማካካሻው በስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ስፖርት ይታጠፋል። ስብሰባ ሲጠራም የሚሰረዘው እሱ ነው። ልጅ ሲያጠፋ ደግሞ «ዛሬ ስፖርት አትወጣም» ይባላል። ሒሳብ አትማርም ተብሎ የተቀጣ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነቱን ማንቀሳቀስ አለበት ይላል። በቀን! እኛ ያለን በሳምንት ሁለት ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። እሷንም ትወስዱብናላችሁ!

«ሩጫ እንደሆነ በደማችን ነው» የምትሉኝም አላችሁ። ኃይሌ ገብረሥላሴ እኮ በልጅነቱ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ነበር ትምህርት ቤት የሚደርሰው። ደብተሩን የያዘበት ግራ እጁ ትልቅ አትሌት ሆኖም እንደታጠፈ ቀርቷል። የእኛ ልጆች በባጃጅ በር ላይ ይወርዳሉ፤ ማታ በባጃጅ ይመለሳሉ። የት ይሩጡ? ሰፈራችሁ ውስጥ ኳስ የሚያስመታ ባዶ ቦታ ቀርቷል? ካልቀረ ያለችን ይህች ሜዳ ናት። ይህችን ክፍለ ጊዜ መልሱልን!

ሌላም ነበረኝ፤ ባጭሩ ልበል። ሴት ልጆቻችሁን በስፖርት ቀን ቱታ አልብሳችሁ ላኩልን። ዋናም ጉዳይ አለ፤ ጣና ዳር እየኖርን ዋና የሚያስተምራቸው የለም። ሐይቁ ልጅ በወሰደብን ክረምት ለቅሶ የተቀመጥን ሰዎች እናውቀዋለን።

ሪፖርቱ ይኸው፤ ዘንድሮ ሁለት ኳስ ነበረን፣ አንዷ ተቀድዳለች። የዝላይ ገመድ ራሳችን ገምደናል። የጨርቅ ኳስ ግን ሞልቶናል።

አሁን ልጆቹ ሜዳ ላይ እየጠበቁን ነው። ኳሶቹ ቅርጫት ውስጥ ናቸው፣ ለሁለት ሰው አንድ። አመዱም ተበትኗል። እናቶች፣ አባቶች፣ ጫማችሁን አጥብቁና ውጡ። በቀኝ የምትወረውሩ ግራ እግራችሁን አስቀድሙ።

አመሰግናለሁ።