«ሰውየው ግን የእውነት ነበረ?»

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ያለሁት ደሴ ነው። ጦሳ ከጠዋት ጀምሮ ጉም ለብሷል። መስኮቱን ዘግቼዋለሁ፣ የባጃጅ ድምፅ ከገባ ግን ይቅርታ።

ስለ አንዲት ልጅና ስለ አንድ መጽሐፍ ላወራችሁ ነው።

ፒያሳ አካባቢ አንድ ቡና ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኘን እናነባለን። ስምንት ዘጠኝ ሰው እንሆናለን። ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፣ ጋሼ እንላቸዋለን። ነርስ አለች፣ ነጋዴ አለ፣ ከኮምቦልቻ የሚመጡ ሁለት የፋብሪካ ሠራተኞችም አሉ። ባለፈው ወር የዘርዓ ያዕቆብን ሐተታ ያዝን።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሰውየው አክሱም አካባቢ የተወለደ የቤተ ክህነት ምሁር ነው። በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ፣ ንጉሡ ካቶሊክ ሲሆኑ፣ ጠላቱ ከሰሰው። ጥቂት ወርቅና ዳዊቱን ይዞ ሸሸ። ተከዜ አካባቢ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። እዚያ ብቻውን ሆኖ ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ጾም፣ ስለ ሰው ልጅ እኩልነት አሰበ። በኋላ እንፍራንዝ፣ ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ቤት ገባ። የቤቱን አገልጋይ ሒሩትን ሲጠይቅ ጌታዋ አገልጋይህ ትሁን አለው። እሱ ግን እምቢ አለ፤ ሚስቴ እንጂ አገልጋዬ አይደለችም፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው አለ። መጽሐፉን የጻፈው በስተርጅና ነው፣ ወልደ ሕይወት የሚባል ተማሪው ለምኖት። የሒሩትን ክፍል ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ።

ያኔ ነው ልጅቷ እጇን ያወጣችው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ከሁላችንም ታንሳለች። «ሰውየው ግን የእውነት ነበረ?» አለች።

ያነበበችውን ነገረችን። መጽሐፉ ዓለም ላይ የታየው በጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በኩል ነው። ጣሊያናዊ የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ነው፣ በጌምድር ውስጥ ዓመታት ኖሯል፣ ግእዝም ተምሯል። አንቷን ዳባዲ ለሚባለው ፈረንሳዊ የብራና መጻሕፍት እያሰባሰበ ይልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1852 ሐተታን አገኘሁ ብሎ ጻፈለት። ዛሬ ፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ያሉት ሁለቱም ቅጂዎች በሱ እጅ ያለፉ ናቸው። አንዱ እንዲያውም የገዛ እጅ ጽሑፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ኮንቲ ሮሲኒ የሚባለው ጣሊያናዊ ምሁር ደራሲው ራሱ ጁስቶ ነው ብሎ ጻፈ። የጁስቶ የልደት ስም ያኮፖ ነው፣ ያዕቆብ ማለት።

ልጅቷ ይህን ብላ ሳትጨርስ አንዱ አቋረጣት። «አንቺ አገርሽን አትወጂም እንዴ?» አላት። ሌላው ሳቀ። እሷ መጽሐፏን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች። የዕለቱ ሰብሳቢ እኔ ነበርኩ። ምንም አላልኩም።

የተናገረውን ሰው ንዴት እረዳዋለሁ። ክርክሩ ስር የተቀበረ ነገር አለ። «ሐበሻ እንዲህ ሊያስብ አይችልም» የሚል። ይህ ያማል፣ እኔንም ያመኛል። ግን ሕመማችን ማስረጃ አይሆንም። ሰውየው እንዲኖር ስለፈለግን ብቻ ኖረ ማለት አንችልም።

እኛ ወሎዎች ደግሞ ይህ ነገር ሊያስደነግጠን አይገባም ነበር። አንድ ነገር በሆነ ቁጥር «ሼህ ሁሴን ጅብሪል እንዲህ ብለው ነበር» የሚል አዲስ ግጥም ስንሰማ ነው ያደግነው። ልጅ ሆኜ አያቴን «ይሄንንስ የእውነት እሳቸው ብለውታል?» ብዬ ጠየቅኋት። ቡናዋን እየቆላች ነበር፣ አልተቆጣችኝም። «አብሽር፣ የሳቸውን ጆሮ ያውቀዋል» አለችኝ። ከዚያ አንዱን ግጥም ትቀበላለች፣ አንዱን ትጥላለች። መጠየቄ ሼሁን መድፈር አልመሰላትም።

ክላውድ ሰምነርም በራሱ መንገድ የሠራው ይህንኑ ይመስለኛል። ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ነው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ። የጁስቶን ሌሎች ጽሑፎች ከሐተታ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ቋንቋቸውን፣ ሐሳባቸውን፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅሶቻቸውን ሲያመዛዝን ዓመታት ቆየ። የአንድ ሰው ሥራ አይደሉም አለ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ መጀመሪያ ተጠራጣሪ ነበሩ። በኋላ ሐሳባቸውን ለወጡ፣ መለወጣቸውንም በጽሑፍ ተናገሩ። እንደሳቸው ግእዝ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ሲያደርግ በጣም ነው የማከብረው። ዛሬም የጁስቶ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ፣ ክርክራቸውም የዋዛ አይደለም።

እኔ ወደ ሰምነርና ወደ ፕሮፌሰር ጌታቸው አደላለሁ። ዳዊቱ ነው የሚያሳምነኝ። ያ ሰው ሲያዝንም ሲደሰትም ዳዊት ከአፉ አይጠፋም። በልጅነቱ የደገመው ሰው እንጂ ከመጽሐፍ የለቀመው አይመስለኝም። ጋሼ የቆሎ ተማሪ ነበሩ፣ እሳቸውም ይህንኑ ነው የሚሉት።

ግን ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ሐተታ በአማርኛችን ረዘም ያለ ማብራሪያ ነው። በግእዝ ግን ሐተተ ማለት መረመረ፣ ጠየቀ ማለት ነው። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር፣ ሰዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ሳይመረምሩ ይቀበላሉ እያለ ያዝናል። እኛ ያንን መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ነው የጠየቀችውን ልጅ ያስወጣነው።

ሁለት ቅዳሜ ቀረች። ትናንት ደወልኩላት። ይቅርታ አልኳት፣ ዝም ማለት አልነበረብኝም አልኳት። ትንሽ ቆየችና «እኔ እኮ አልነበረም አላልኩም፣ ጠየቅሁ እንጂ» አለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ የወልደ ሕይወትን ሐተታ እንደምንጀምር ነገርኳት። ጋሼም እንደጠየቁሽ እወቂ አልኳት።

«እመጣለሁ» አለች። «ጥያቄዬን ግን አልተውም።»

አትተዪው አልኳት።