ሜዳውንም አጋሩን

(የሰፈራችን ወጣቶች የስፖርትና በጎ አድራጎት ማኅበር ለገና በዓል ባዘጋጀው የማዕድ ማጋራት ፕሮግራም ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የእድራችን ሊቀመንበርና አመራሮች፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ የሰፈሬ ልጆች፣ እንኳን ለገና በዓል በሰላም አደረሳችሁ! በዓሉን የማታከብሩት ጎረቤቶቻችንም ከጠዋት ጀምሮ ስትለፉ አይቻችኋለሁና ኑሩልን።

መድረክ መሪው 10 ደቂቃ ሰጥቶኛል። ምስጋናውን ላስቀድም። ዘይትና ዱቄት የሰጣችሁ ነጋዴዎቻችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ድንኳንና ወንበር በነፃ የሰጠን እድራችን፣ አትጡ። ዱቄቱን በኪሎ እየመዘናችሁ ያደራችሁ ልጆች ደግሞ ፀጉራችሁ ላይ ያለውን አራግፉት፤ ሽማግሌ መስላችኋል።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር።

አምና በዚሁ ፕሮግራም ላይ ከፊት ረድፍ በዊልቸር የተቀመጠ አንድ ልጅ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬም እዚሁ አለ፣ ገና ሳልጀምር እየሳቀ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አምጥተን ፊት ለፊት አስቀመጥነው። ለምን? ካሜራ እንዲያገኘው። እንግዶቹ የደረሱት 6 ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ አናቱን ስትጠብሰው ቆየች። ከዚያ አንደኛው እንግዳ ዘይቱን አስረከበው፤ ፎቶ ተነሱ። ሁለተኛው እንግዳ “እኔ እኮ አልተነሳሁም” አለ። ያንኑ ዘይት ከልጁ እጅ ተቀብሎ መልሶ ሰጠው፤ ፎቶ። ሦስተኛም መጣ። ወገኖቼ፣ አንድ ጀሪካን ዘይት ሦስት ጊዜ ተረከበ! ፎቶውን ያየ ሰው ልጁ ሱቅ ሊከፍት ነው ይላል።

ርክክቡ ሲያልቅ ሁላችንም ተነስተን ወደ ሜዳ ሄድን። የሰፈር ዋንጫ ፍፃሜ ነበር፤ ታስታውሳላችሁ፣ በፍፁም ቅጣት ምት ያለቀው። የሜዳው በር ያኔ ሦስት ደረጃ ነበረው። ልጁ ዘይቱን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ደረጃው ስር ቀረ። እኛ ውስጥ ስንጮህ እሱ ውጭ ሆኖ ማን እንዳገባ ይገምታል። ውሃ ልገዛ ስወጣ አገኘሁት። “ስንት ለስንት ነው?” አለኝ። ነገርኩት። ከዚያ፣ “ዘይቱን እናቴ መጥታ ትወስደዋለች። እኔን ወደ ውስጥ የሚወስደኝ ነው የጠፋው” አለኝ።

“ሁለት ሰው ተሸክሞ አያስገባውም ነበር?” የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ተሸክመነው እናውቃለን። ግን እናንተዬ፣ ጎረምሳ ነው። ሜዳው ዳር የሰፈሩ ሴቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል። በዚያ መሐል እንደ ጆንያ ታቅፎ መግባት የሚወድ ማን ነው? እናንተ ትወዳላችሁ?

ስለዚህ ዘንድሮ “ማዕድ ማጋራት” ከሚለው ባነር ስር ቆሜ ሌላ ነገር ልለምናችሁ ነው። ማዕዱን አጋርታችሁናል፣ ተባረኩ። ሜዳውንም አጋሩን።

አበበ ቢቂላን የማያውቅ እዚህ የለም። በፈረንጆቹ 1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ። በ1964 ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከሳምንታት በኋላ። ይህን የሰፈራችን ሕፃን ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል። ከዚያ በኋላ ያለውንስ? ከዚያ በኋላ ያለውን ስናወራ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን “ምስኪን” እንላለን። እስቲ ዛሬ ድምፃችንን ሳንቀንስ እናውራው።

በ1969 የመኪና አደጋ ደረሰበት። እግሮቹ ዳግመኛ አልታዘዙትም። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ሄዶ ታከመ። በቀጣዩ ዓመት እዚያው እንግሊዝ በተካሄደው የዊልቸር ስፖርተኞች ውድድር ላይ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። በ1971 ደግሞ ኖርዌይ ላይ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ተዘጋጀና አበበ ተጠራ። ልብ በሉ፣ የተጠራው በክብር እንግድነት ነው። ፊት ረድፍ ተቀምጦ እንዲያጨበጭብ። የኛ ሰውዬ እሺ ብሎ ቁጭ አለ? አላለም! በቀስትም በጠረጴዛ ቴኒስም ገባ። ይህም አልበቃውም። በረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ጋሪ ውድድር ገባና 16 ተፎካካሪዎችን አሸነፈ። ጃቶ በምትባል መንደር የተወለደ ልጅ፣ በኖርዌይ በረዶ፣ በውሻ ጋሪ! ይህን ታሪክ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ለምን አንጽፈውም?

አበበ “የክብር እንግዳ ሁን” ሲባል “እወዳደራለሁ” ያለ ሰው ነው። እኛ ደግሞ ልጆቻችን “እንወዳደር” ሲሉን የክብር እንግዳ እናደርጋቸዋለን።

አበበ በሕይወት ኖሮ አምና ሰፈራችን ቢመጣ በዊልቸሩ እስከ ሜዳው በር ይደርስ ነበር። እዚያ ይቆማል። የማራቶን ንጉሡ ደረጃ ስር ቆሞ ስንት ለስንት እንደሆነ ይጠይቃል። እኛስ? እኛማ ዘይት እናስረክበዋለን!

አጨብጭቡ፣ ግን ገና አልጨረስኩም። ሕጉ የለም እንዳትሉኝ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች እንዲመች አዝዟል። የሜዳችን በርና መልበሻ ክፍል የተሠሩት ከአዋጁ በኋላ ነው። የሠራው አካል ይታወቃል፤ ስም ለመጥራት አልመጣሁም። ደብዳቤ ጻፍን። “በጀት ሲለቀቅ” የሚል መልስ መጣ። በጀቱ ስላልተለቀቀ የክረምት በጎ ፈቃድ ልጆቻችን እጃቸውን ሰብስበው አልተቀመጡም። በደረጃው ላይ ራምፕ፣ ማለትም ዊልቸር የሚወጣበት አቀበት፣ ሊሠሩ ከፈረሰ አጥር ድንጋይ ለቀሙ፣ ሲሚንቶ ከየቤቱ ተዋጣ።

ግንበኛው አጭርና ቀጥ ያለ አቀበት ሊሠራልን ነበር፤ ቦታ ይቆጥባል ብሎ። ያ ልጅ ከዊልቸሩ ላይ ሆኖ “በዚህ ከወጣሁ በጀርባዬ ነው የምወድቀው” አለው። የራምፕ የተለመደው ልክ ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ነው። የእኛ ሦስት ደረጃ 45 ሳንቲ ሜትር ነበር። አባዙት፤ 5 ሜትር ከ40 ይመጣል። ግንበኛው እያጉረመረመ ሠራው። ዛሬ በዚያ ራምፕ ላይ የሕፃን ጋሪ የሚገፉ እናቶች ይወጡበታል፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባቶች ይወጡበታል፣ ውሃና ለስላሳ የሚያስገባው ነጋዴ ጋሪውን ይገፋበታል። ለአንድ ልጅ ነው የተባለው ራምፕ ሰልፍ ሊያዝበት ምንም አልቀረው።

በሩ ተከፈተ። አሁን ደግሞ ውስጥ ገብቶ ምን ይሥራ? ተመልካች ብቻ ይሁን? ወደ ሯጮቻችን ልምጣ።

በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ፓራሊምፒክ ትዕግስት ገዛኸኝ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ በ1500 ሜትር አመጣች። ፓሪስ 2024 ላይ ደገመችው። እዚያው ፓሪስ ያየሽ ጌቴም በ1500 ሜትር ወርቅ ወሰደች። ያየሽ የሮጠችበት ምድብ ሙሉ በሙሉ ወይም ከሞላ ጎደል ማየት የተሳናቸው ነው። ሯጯ ዓይኗን ሸፍና፣ ከአሯሯጯ፣ አብሯት እየሮጠ በቃል ከሚመራት ሰው፣ ጋር በአጭር ገመድ ተያይዛ ነው የምትሮጠው። አሯሯጩ ሊጎትታት አይችልም፣ መስመሩንም ቀድሟት ማለፍ አይፈቀድለትም። ደግሞ ከእሷ የፈጠነ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ እየሮጠ ማውራት ከየት ይመጣለታል?

እዚህ ሰፈር ከክለብ የተቀነሱ፣ ማጣሪያ ላይ በሰከንድ ተበልጠው የቀሩ ስንት ፈጣን ልጆች አሉ? ከሰዓት በኋላ ጀበና ቡና ጋ ተደርድራችሁ የማያችሁ እናንተን ነው የምለው! ማየት የተሳናቸው ሁለት ልጆቻችን መሮጥ ይፈልጋሉ። እግር አላቸው፣ ሳንባ አላቸው። የጎደላቸው አብሯቸው የሚሮጥ ሰው ነው። ባለፈው ወር ከመካከላችሁ አንዱ ከአንደኛዋ ጋር ሞከረው። የጫማ ክር አውልቆ እጅ ለእጅ አሰሩ። “ቀኝ… ጉድጓድ… እግር አንሺ… አሁን ለጥ ያለ ነው፣ ልቀቂው!” እያለ ሜዳውን ዞሩ። ሲጨርሱ ማን እንዳለከለከ እዚህ አልናገርም። እሷ አልነበረችም።

ሌላም አለ። መስማት የተሳናቸው ልጆች ሲጫወቱ ዳኛው ፊሽካ ብቻ አይንፋ፣ ባንዲራ ያውለብልብ። ይህ ምንም ወጪ የለውም። ማየት ለተሳናቸው ደግሞ የሚንሿሿ ኳስ ስላጣን ኳሱን በፌስታል ጠቅልለን ሞክረነዋል፤ ሲንከባለል ይሰማል። ያስቸገረን ተመልካቹ ነው፣ ዝም አይልም። የሴቶቹ ቡድን የልምምድ ሰዓትም አለ፤ ሲመሽ መብራት በሌለበት ሰዓት ነው የተመደበላቸው። ይህን ከአሠልጣኞቹ ጋር ለብቻ እንጨርሳለን።

እድራችንን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሰው ሲሞት ማንም ሳይለይ፣ ድሃ ሀብታም ሳንል፣ በአንድ ጥሩንባ ወጥተን ድንኳን እንተክላለን። በዚህ አገር የሚስተካከለን የለም። ለቀብሩ ያላጣነውን ጉልበት ለጨዋታው ለምን እናጣለን? ከወርሃዊ መዋጮው ላይ ትንሽ ለሜዳው ተቀንሳ ትያዝልን። ሊቀመንበሩ ፈገግ ብለዋል፤ እሺታ አድርጌ ወስጄዋለሁ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።

መድረክ መሪው ሰዓቱን እያሳየኝ ነው፣ አየሁህ ወንድሜ። ዛሬ ዘይቱ ሲታደል ፎቶ አይነሳም፤ ኮሚቴው ወስኗል። ፎቶ የፈለጋችሁ እንግዶች ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ሜዳ ኑ፣ እየሮጣችሁ እናነሳችኋለን። የአሯሯጮች መመዝገቢያ ደብተር መውጫው ላይ የእድሩ ጸሐፊ ጋ አለ። ስማችሁንና ስልካችሁን ጻፉ፤ የሚሮጥ ጫማ ያላችሁ ቅድሚያ ታገኛላችሁ። አመሰግናለሁ።