«ኮሚቴው ይወስናል» የምትለው መስመር ትሰረዝ

በውድድር ደንብ ማሻሻያ ምክክር ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የክለብ ተወካዮች፣ የውድድርና የዳኞች ኮሚቴ አባላት፣ የቡድን ሐኪሞችና ወጌሻዎች፣ ጥሪውን አክብራችሁ የተገኛችሁ ሁሉ፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

በመርሃ ግብሩ ላይ የተሰጠኝ ርዕስ «በወረርሽኝ ወቅት የሊግ ውድድርን የማስጨረስ አሠራር» ይላል። ስለ ምርመራውም፣ ስለ ዝግ ስታዲየሙም፣ ስለ ተቀያሪዎቹም እናገራለሁ፤ ከርዕሴ አልሸሽም። ነገር ግን ሁላችሁም የምታውቋት አንዲት አንቀጽ አለች። በደንቡ መጨረሻ «ልዩ ልዩ» ከሚለው ርዕስ ሥር ተሸጉጣ የምትቀመጥ ናት፦ «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ውድድሩ ቢቋረጥ ኮሚቴው ይወስናል።» በቃ፣ ይኸው ነው። ስለ ማሊያ ቀለም ሁለት ገጽ እንጽፋለን፤ የዓመቱ ልፋት ሁሉ ለሚንጠለጠልበት ጉዳይ ግን አንድ መስመር። ዛሬ የቆምኩት ይህች መስመር እንድትሰረዝ ለመጠየቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 የሆነውን እናስታውስ። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ቀኖች፣ «ዓ.ም.» ከምላቸው በቀር፣ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በማርች አጋማሽ ኳስ ባለችበት ቆመች። በሽታው አንድ፣ ጨዋታው አንድ፣ ፍርዱ ግን ለየቅል ሆነ። ኔዘርላንድስ ኤፕሪል 24 ቀን ውድድሩን ዘጋች፤ አያክስና አዜድ እኩል 56 ነጥብ ይዘው ሳለ ሻምፒዮን የለም፣ ወራጅም አዳጊም የለም ተባለ። ፈረንሳይም ዘጋች፤ እሷ ግን ለፓሪ ሳንዠርማ ዋንጫውን ሰጥታ አሚየንንና ቱሉዝን አወረደች። ቤልጂየም በ15 ነጥብ ይመራ የነበረውን ክለብ ብሩዥን ሸለመች። ስኮትላንድ ስምንት ጨዋታ እየቀረው በአራት ነጥብ ርቀት መጨረሻ ላይ የነበረውን ሃርትስን አወረደች። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግም የ2012 ዓ.ም. ውድድሩን ያለ ሻምፒዮንና ያለ ወራጅ ሰረዘ። ጀርመን ሜይ 16፣ ስፔን ጁን 11፣ እንግሊዝ ጁን 17፣ ጣሊያን ጁን 20 ወደ ሜዳ ተመልሰው ቀሪ ጨዋታቸውን ጨረሱ።

ማን ትክክል ነበር ብላችሁ እንድትከራከሩ አይደለም ይህን የዘረዘርኩት። የዘጉትን አገሮች ብቻ ተመልከቱ፤ አብዛኞቹ ውሳኔውን የሰጡት ሰንጠረዡ ከታየ በኋላ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ የሁለቱ ዲቪዚዮን 34 ክለቦች ስለ መውረድና ማደግ ሐሳባቸውን ተጠየቁ። 16ቱ ይኑር አሉ፣ 9ኙ አይኑር አሉ፣ 9ኙ ወዲህም ወዲያም አላሉም። ከዚያ ፌዴሬሽኑ አይኑር ብሎ ወሰነ። ሁለተኛውን ዲቪዚዮን ሲመራ የነበረው ካምቡር እዚያው ቀረ። እንግዲህ ንገሩኝ፤ ወራጅ ቀጠና ውስጥ የተቀመጠ ክለብ «መውረድ ይኑር?» ተብሎ ሲጠየቅ ምን ብሎ እንዲመልስ ነው የሚጠበቀው?

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን የእንግሊዝ ሦስተኛ እርከን፣ ሊግ ዋን ነው። እስክሪብቶ ያላችሁ አውጡና አብራችሁኝ አስሉ። ውድድሩ ሲቆም ኦክስፎርድ በ35 ጨዋታ 60 ነጥብ ነበረው። ፒተርቦሮ በ35 ጨዋታ 59 ነጥብ ይዞ 6ኛ፣ ማለትም ከ3ኛ እስከ 6ኛ ያሉት ለማደግ የሚፋለሙበት የማሟያ ዙር የመጨረሻ ቦታ ላይ ነበር። ዋይኮምብ እንደ ፒተርቦሮ 59 ነጥብ ነበረው፤ በጎል ክፍያ 8ኛ ሆኖ የተቀመጠ ነው፤ የተጫወተው ግን 34 ጨዋታ ብቻ ነው። ጁን 9 ቀን ክለቦቹ ውድድሩ ይብቃ፣ ደረጃው በአንድ ጨዋታ በተገኘ አማካይ ነጥብ ይለይ ብለው ወሰኑ። 60 ለ35 ሲካፈል 1.71 ይመጣል። 59 ለ35 ሲካፈል 1.69። 59 ለ34 ሲካፈል 1.74። ዋይኮምብ ኳስ ሳይነካ ከ8ኛ ወደ 3ኛ ወጣ። ፒተርቦሮ ወደ 7ኛ ተንሸራቶ ከማሟያው ውጭ ሆነ። ዋይኮምብ ከዚያ ማሟያውን ተጫውቶ በፍጻሜው ኦክስፎርድን 2 ለ 1 አሸነፈና ወደ ሁለተኛው እርከን፣ ወደ ቻምፒዮንሺፕ አደገ። ሜዳ ላይ አሸንፎ ነው ያደገው፣ አልነፍገውም፤ በሩን የከፈተለት ግን የማካፈል ስሌት ነው።

ከታች በኩል ደግሞ ትራንሜር በ34 ጨዋታ 32 ነጥብ፣ ዊምብልደን በ35 ጨዋታ 35 ነጥብ። ትራንሜር አንድ ተስተካካይ ጨዋታ አለው፤ ቢያሸንፍ በነጥብ ይደርስበታል። ስሌቱ 0.94 ለ1.00 አለና ትራንሜር ወረደ። ክለቡ በስሌቱ ላይ ለእንዲህ ያለ ጠባብ ልዩነት የስህተት ወሰን ይጨመርበት ብሎ ማሻሻያ አቀረበ፤ በድምፅ ወደቀ። ለምን አይወድቅ? ድምፅ የሚሰጠው እያንዳንዱ ክለብ በስልኩ አስልቶ የት እንደሚያርፍ አውቆ ነው የገባው!

አማካይ ነጥብ ክፉ ስሌት አይደለም። ያንኑ ስሌት በውድድሩ መክፈቻ ላይ፣ ሁሉም ዜሮ ነጥብ ይዞ ሳለ ቢያጸድቁት ኖሮ ትራንሜር ያዝን ነበር፤ ተበደልኩ ግን አይልም። ውጤቱን አይቶ ሚዛን የሚመርጥ ሰው እየመዘነ አይደለም፤ እያደለ ነው። ይህን የምለው ለተሸናፊው አዝኜ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከሜዳ የተባረረ ጉዳይ ፍርድ ቤት ይገባል። የፈረንሳይ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት በዚያው በጁን 9 ውድድሩ መቆሙን አጽንቶ የአሚየንንና የቱሉዝን መውረድ አገደ፤ ሊጉ እንደገና ስብሰባ ጠርቶ እንደገና መወሰን ነበረበት። ሃርትስ ከግልግል ጉባኤ የተመለሰው ጁላይ ገብቶ ነው። እስከዚያ ድረስ ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት ሳታውቁ እንዴት ዕጣ ታወጣላችሁ?

ስለዚህ በመስመሯ ምትክ ምን ይጻፍ? ረቂቁ ከፊታችሁ ነው፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፣ ስንት ጨዋታ ሲደረግ ምን እንደሚጸና በቁጥር ይቀመጥ። 16 ክለቦች ያሉት ሊግ በደርሶ መልስ 30 ሳምንት ነው። 15ኛው ሳምንት ሲያልቅ ሁሉም ከሁሉም ጋር አንድ ጊዜ ተገናኝቷል። ከዚያ በፊት ከቆመ ጠንካራዎቹን ጨርሶ የገጠመና ገና ያልገጠመ ስላለ ውጤቱ ይሰረዝ። ከግማሽ በላይ ሆኖ ከሦስት አራተኛ በታች ከሆነ ሻምፒዮንና የአህጉር ውድድር ተሳታፊ ይለይ፤ ማንም ግን አይውረድ። ሦስት አራተኛ ካለፈ ሁሉም ይጽና። ልዩነቱ በአንድ ተስተካካይ ጨዋታ ሊገለበጥ የሚችል ከሆነ ግን ሁለቱ በገለልተኛ ሜዳ አንድ ጨዋታ ይጫወቱ። አንድ ጨዋታ እኮ ነው፤ በየትኛውም ጥንቃቄ ሊደረግ ይችላል።

ሁለተኛ፣ አማካዩ የሜዳንና ከሜዳ ውጪን ለይቶ ይሰላ። 20 ጨዋታ ያደረገ ክለብ ውሰዱ፤ 8ቱ በሜዳው፣ 12ቱ ከሜዳው ውጪ። በሜዳው 16 ነጥብ፣ በውጪ 12 ነጥብ ሰብስቧል። በደምሳሳው 28 ለ20 ሲካፈል 1.4፣ በ30 ሲባዛ 42 ነጥብ። ለይተን ስናሰላው በሜዳው 2 ጊዜ 15፣ 30 ነጥብ፤ በውጪ 1 ጊዜ 15፣ 15 ነጥብ፤ ድምር 45። ያው ክለብ ነው፤ የሦስት ነጥብ ልዩነት አመጣ። ዕጣው ገና በጊዜ ከሜዳው ያስወጣውን ክለብ ደምሳሳው ስሌት ይቀጣዋል። ለይቶ ማስላትም ቢሆን ቀሪዎቹ ተጋጣሚዎች እነማን እንደሆኑ አያይም፤ ይህን ጉድለቱን አውቀን እንቀበለው።

ሦስተኛ፣ የመመለሻው የመጨረሻ ቀን። ይህ ከኋላ ወደፊት የሚቆጠር ነው። የአህጉር ተሳታፊዎች ስም የሚላክበትን ቀን ያዙ። 10 ሳምንት ከቀረ፣ በሦስትና በአራት ቀን ልዩነት 35 ቀን ይበላል። ለተራዘሙ ጨዋታዎች 7 ቀን መጠባበቂያ ጨምሩ። ከዚያ በፊት 21 ቀን ልምምድ፤ መጀመሪያ በትናንሽ ቡድን፣ ቀጥሎ በጋራ ያለ ንክኪ፣ በመጨረሻ ሙሉ ንክኪ። ድምሩ 63 ቀን፣ ዘጠኝ ሳምንት ነው። ያ ቀን ካለፈ ስሌቱ በራሱ ሥራ ይጀምራል፤ ስብሰባ የለም፣ ልመና የለም። እንግሊዞች ቀሪ 92 ጨዋታዎችን ከጁን 17 እስከ ጁላይ 26 ጨርሰዋል፤ ይቻላል። ልምምዱን ለማሳጠር የሚሞክር ካለ ወጌሻዎቹን ይጠይቅ፤ ቤት ውስጥ የከረመ የጭን ጡንቻ በአንድ ሳምንት ለ90 ደቂቃ ሩጫ አይደርስም።

አራተኛው በብዙ ደንብ ውስጥ የሌለው ነው፤ ሊጉ ሳይቆም አንድ ቡድን ብቻ ቢያዝስ? ጁላይ 20 ቀን የስፔን ሁለተኛ ዲቪዚዮን የመጨረሻ ሳምንት ነበር። ፉኤንላብራዳ ከዴፖርቲቮ ጋር ሊጫወት ወደ ላ ኮሩኛ ተጉዞ ሳለ አባላቱ በቫይረሱ መያዛቸው ተሰማ። ያ ጨዋታ ተራዘመ፤ የሌሎቹ ግን ቀጠለ። ዴፖርቲቮ ሜዳ ሳይገባ በሌሎች ውጤት ወረደ። ፉኤንላብራዳ ተስተካካዩን ያደረገው ኦገስት 7 ነው፤ ለማሟያው አንድ ነጥብ ይበቃው ነበር፣ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ስድስተኛውን ቦታ ኤልቼ ወሰደ፤ ኤልቼ በዚያው ማሟያ ወደ ላ ሊጋ አደገ። የመጨረሻው ሳምንት ጨዋታ ሁሉ በተመሳሳይ ሰዓት የሚጀመረው ማንም የሌላውን ውጤት አውቆ እንዳይጫወት ነበር፤ ያ መርህ በአንድ ቀን ፈረሰ። ረቂቃችን በመጨረሻው ሳምንት ለደረጃ የሚያሰጋ አንድ ጨዋታ ከተራዘመ ከዚያ ደረጃ ጋር የተያያዙት ሁሉ አብረው ይራዘማሉ ይላል።

ሐኪሞች፣ ይህ ለእናንተም ነው። የስፔኑ ጣጣ የባሰው የምርመራ ውጤት ከጉዞ በኋላ በመድረሱ ነው። ናሙናው አውቶቡሱ ሳይነሳ ውጤት በሚደርስበት ሰዓት ይወሰድ። ትናንት የተያዘ ሰው ዛሬ በፒሲአር ላይታይ ስለሚችል በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመርመር። አንድ ሰው ሲገኝ ማን ይገለላል የሚለውም ከጤና ቢሮ ጋር አስቀድሞ ይጻፍ። ጀርመን ውስጥ በዚያው ሜይ ወር ኮሎኝ ሦስት ሰው ሲያዝበት ሦስቱ ብቻ ተገለሉ፤ ዲናሞ ድሬስደን ሁለት ሲያዝበት መላው ቡድን 14 ቀን ቤቱ ተቆለፈበት። ድሬስደን የመጀመሪያ ጨዋታውን ሜይ 31 ጀምሮ እስከ ጁን 28 ዘጠኝ ጨዋታ ተጫወተና በመጨረሻ ደረጃ ወረደ። ዝቅተኛውን የተጫዋች ቁጥር የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ግብ ጠባቂን ጨምሮ 13 ብሎት ነበር፤ እኛም ያንኑ ይዘናል። 13 ጤነኛ ያለው ይጫወታል፤ ከዚያ ያነሰው አንድ ጊዜ ይራዘምለታል፣ ሁለተኛው ፎርፌ ነው።

የቀረውን ባጭሩ። ዝግ ስታዲየም ማለት ሰው የሌለበት ማለት አይደለም፤ ጀርመኖች በሦስት ቀጠና ከፍለው ሜዳው ዙሪያ 98፣ ትሪቡን ላይ 115፣ ከውጭ 109 ሰው ፈቅደው ነበር። ቁጥሩን የሚቆጣጠር አንድ ሰው በየበሩ ይቁም፤ የክለብ አመራር ወዳጅ ዘመዱን ይዞ የሚገባበት በር እንዳይኖር። በአንድ ከተማ ተሰባስቦ መጫወትም መንገድ ነው፤ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ከሩብ ፍጻሜ ጀምሮ በሊዝበን በነጠላ ጨዋታ ከኦገስት 12 እስከ 23 አልቋል፤ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግም የ2013 ዓ.ም. ውድድሩን ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ አካሂዷል። እዚህ ላይ የሚሰበረው ሣሩ ነው፤ በቀን ሁለትና ሦስት ጨዋታ የሚያስተናግድ ሜዳ ሳምንት ሳይሞላው ጭቃ ይሆናል፤ ተለዋጭ ሜዳ ሳይያዝ ከተማ አይመረጥ። ተቀያሪ አምስት፣ ጨዋታውን ማቆም የሚቻለው ግን ከእረፍት ውጪ ሦስት ጊዜ ብቻ፤ አለዚያ ሰዓት መግደያ ይሆናል። የተጫዋች ውል ደግሞ «እስከ ጁን 30» ከማለት «እስከ ውድድሩ የመጨረሻ ጨዋታ» ይበል። ቦርንማውዝ ውሉን ለጥቂት ሳምንት ማራዘም ያልፈለገውን ራያን ፍሬዘርን አጥቶ በአንድ ነጥብ ወርዷል።

ረቂቁ አራት ገጽ ነው። ድምፅ የሚሰጥበት ዕጣ ከመውጣቱ በፊት እንዲሆን እጠይቃለሁ፤ ከዕጣው በኋላ የመጀመሪያውን ወር ማን ከማን እንደሚጫወት እያያችሁ የምትሰጡትን ድምፅ አላምነውም፤ የራሴንም ጭምር። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ስሌቱን በራሱ ክለብ ቁጥር መሞከር የሚፈልግ ካለ ሰሌዳው ባዶ ነው።